በቤተ ክርስቲያን የጋራ ማዕድ ማን ምን ያምጣ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአምልኮ በኋላ ሁሉም ከቤቱ ያዘጋጀውን ይዞ ይመጣል። ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ አብሮ ይበላል። የጋራ ማዕድ የሚሉት አሉ፣ የፍቅር ማዕድ የሚሉት አሉ፣ ፖትላክ የሚሉትም አሉ። ስለዚህ ማዕድ የሚነሡት ጥያቄዎች ግን የትም ይመሳሰላሉ። አብዛኞቹ ደግሞ በስብሰባ ላይ አይነሡም። ዕቃ ሲታጠብ በጎን፣ ወይም ማታ በስልክ ነው ለአስተባባሪው የሚነገሩት። "ይሄን ለማንም እንዳትነግሪ፣ ግን…" ተብለው የሚጀመሩ ናቸው። እዚህ የምመልሰው እነዚህን ነው። ማዕድ ሳስተባብር ስለቆየሁ የራሴ አቋም አለኝ፤ አልደብቀውም።

አብሮ መብላቱ ከየት የመጣ ነው?

ከመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 አማኞቹ በየቤታቸው እንጀራ እየቆረሱ በደስታ አብረው ይመገቡ እንደነበር ይናገራል። የይሁዳ መልእክት ቁጥር 12 "የፍቅር ግብዣ" ብሎ ይጠራዋል። እ.ኤ.አ. በ112 ገደማ ሮማዊው አገረ ገዥ ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያን ስለ ክርስቲያኖች ሲጽፍ፣ ተሰብስበው ተራና ጉዳት የሌለው ምግብ እንደሚበሉ ጠቅሷል።

ችግሩም የዚያኑ ያህል የቆየ ነው። በቆሮንቶስ አንዱ ቀድሞ የራሱን እየበላ ሌላው ይራብ ነበር። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 በዚህ አጥብቆ ይወቅሳቸዋል። ብዙ አጥኚዎች እንደሚያስረዱት ጊዜና ሀብት ያላቸው ቀድመው ደርሰው ይበላሉ፤ የቀን ሠራተኛውና ባሪያው ሥራቸውን ጨርሰው ሲመጡ ምግቡ አልቋል። ጳውሎስ ምንም የሌላቸውን ታሳፍራላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃቸዋል። ከዚህ በታች የምላቸው ነገሮች ሁሉ የሚነሡት ከዚህ ጥያቄ ነው። ምግቡ አነሰ ወይም በዛ ከማለቴ በፊት ማን አፈረ ብዬ እጠይቃለሁ።

በነገራችን ላይ፣ በ4ኛው መቶ ዘመን የተሰበሰበው የሎዶቅያ ጉባኤ የፍቅር ግብዣ በቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ውስጥ እንዳይደረግ ከልክሏል። በማዕድ ሥርዓት የተቸገርነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም።

ሁሉም እኩል ካላመጣ እንዴት ፍትሐዊ ይባላል?

ይባላል። ሁለት ደመወዝ የሚገባበት ቤትና ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚማር ልጅ እኩል ያምጡ ብንል ለአንደኛው ምንም አይደለም። ለሌላው ግን የሳምንት ምሳው ነው። 2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ ስጦታ የሚመዘነው ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን እንዳልሆነ ተጽፏል። እዚያው ላይ የመናው ታሪክ ይጠቀሳል፤ ብዙ የሰበሰበ አልተረፈውም፣ ጥቂት የሰበሰበም አልጎደለበትም።

እንዲህ ሲባል ግን ሁሉም እንደፈለገው ይሁን ማለት አይደለም። ያለው ሰው ጨመር ማድረግ አለበት። "ያለው" ስል ባለገንዘቡን ብቻ ማለቴ አይደለም። ጊዜ ያለው አለ። መኪና ያለው አለ። ትልቅ ድስት ያለው፣ ጉልበት ያለው፣ ልጆች መያዝ የሚችልበት አለ። አንድ ሰው ማለዳ ተነሥቶ የአዛውንቶችን ድስት በመኪናው ሲያመላልስ ቢውል ያንን በኪሎ የሚመዝነው የለም። እኔ ግን እቆጥርለታለሁ።

ለስንት ሰው የሚበቃ ላምጣ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ይጨነቃል። 60 ሰው ይመጣል ሲባል ለ60 ማብሰል ያለበት ይመስለዋል። ሰው ግን ከአንዱ ምግብ የሚያነሣው አንድ ሁለት ማንኪያ ነው።

እኔ የምመክረው ስሌት ቀላል ነው። ለራስ ቤተሰብ የሚበቃውን ሠርቶ ግማሹን መጨመር። አራት ከሆናችሁ ለስድስት። ለምን ግማሽ? ከ60ው ሰው 15ቱ እንግዶች ወይም ማምጣት ያልቻሉ ናቸው እንበል። ቀሪዎቹ 45 ሰዎች ለሁሉም ማብሰል አለባቸው። ግማሽ ግማሽ ከጨመሩ ለ67 ሰው የሚሆን ይገኛል። ሁሉም ጠግቦ፣ ሁለተኛ ለሚያነሣም ይተርፋል። ከዚያ በላይ መሥራት ድካምና የሚደፋ ምግብ ነው።

ብቻውን የሚኖር ሰው ለሁለት ለሦስት ሰው የሚሆን ካመጣ በቂ ነው። ሩዝ የሚሠራ ደግሞ ይህን ይያዝ፦ 1 ኪሎ ጥሬ ሩዝ ውኃ ጠጥቶ ሲበስል ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። ከሌላ ምግብ ጋር ከቀረበ 15 ሰው ያዳርሳል።

በዚህ ወር እጄ አጥሮኛል። ባዶ እጄን ከምመጣ ብቀርስ?

እባካችሁ አትቅሩ።

እንዲህ የሚያስቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሰበብ ፈጥረው ነው የሚቀሩት። "እንግዳ መጣብኝ" ይላሉ፣ "ትንሽ አሞኛል" ይላሉ። ነገሩ ሲደጋገም ከማዕዱ ብቻ ሳይሆን ከአምልኮውም ይጠፋሉ። ሰው በምሳ ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን ሲርቅ ማየት ያንገበግበኛል። ሉቃስ 14 ላይ ጌታ ግብዣ ስታደርግ መልሰው ሊጋብዙህ የማይችሉትን ጥራ ይላል። ስለዚህ የማያመጣ ሰው የተቀመጠበት ማዕድ ምንም አልጎደለውም። እንዲያውም እንደዚያ እንዲሆን ነው የታዘዝነው።

"ካላመጣህ ወንበር ደርድር" የሚሉ አሉ። ሐሳባቸው ክፉ አይደለም። አነጋገሩ ግን ይጎዳል። ወንበር መደርደር የሁላችንም ሥራ ነው። ያላመጣ ሰው ብቻ ሲደረድር ከታየ ግን ወንበሩ ምልክት ይሆንበታል። የድስት ባለቤቶችም ይደርድሩ፣ ያኔ ማን ምን እንዳመጣ የሚያይ አይኖርም።

ትንሽ ነገር ይዞ መምጣትም እንዲሁ ያሳፍራል። አንድ ጊዜ አንዲት እናት በሻይ ሳህን ጥቂት ቁራጭ ዳቦ ይዘው መጡ። በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ከጠረጴዛው ዳር፣ ከአንድ ትልቅ ትሪ አጠገብ አስቀመጡት። ሰው ሁሉ የግል ሳህን መስሎት አልፎት ይሄዳል። እሳቸውም ወንበራቸው ላይ ሆነው ያያሉ። አንድ ወጣት ጨርቁን ገለጠና ሳህኑን ወደ መሃል ሳበው። "እማማ፣ የእርስዎ ነው አይደል? ልቅመስ?" አላቸው። እሱ ሲያነሣ ከኋላው ያሉትም አነሡ። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛ ስንዘረጋ ትንንሾቹን ሳህኖች መሃል፣ ትልልቆቹን ትሪዎች ዳር እናደርጋለን። ትልቁ ትሪ የትም ቢቀመጥ ይታያል።

ሁልጊዜ ባዶ እጁን መጥቶ ሳህኑን ሁለቴ የሚሞላ ሰው አለ። ዝም ይባላል?

መጀመሪያ ዝም በሉ። ከዚያ የሰውየውን ሁኔታ ለማወቅ ሞክሩ።

እዚህ ላይ ቶሎ የሚጠቀሰው 2ኛ ተሰሎንቄ 3፥10 ነው፤ ሊሠራ የማይወድ አይብላ የሚለው። ጥቅሱ ግን ስለማይወድ ሰው ነው የሚናገረው። ሥራ ስላጣ፣ ስለታመመ ወይም አቅም ስላነሰው ሰው አይናገርም። ከሩቅ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ሁለተኛው ሳህን ምናልባት የዚያ ሰው የሳምንቱ ደህና ምግብ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያውቁ መናገር ትልቅ ጉዳት ነው።

በመድረክ ላይ "አንዳንዶች ምንም ሳያመጡ…" እያሉ ማስታወቂያ መንገርን አጥብቄ እቃወማለሁ። ያለው ሰው እኔን አይደለም ብሎ ያልፈዋል። የሌለው ግን እያንዳንዱ ቃል ይሰማዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ አይመጣም። ልናስተምር ያሰብነውን ሳይሆን ልንቀበለው የሚገባውን ነው ያባረርነው።

አቅም እንዳለው እርግጠኛ ከሆናችሁ አንድ የሚቀርበው ሰው ብቻውን ያናግረው። ወቀሳም አያስፈልግም። "በሚቀጥለው ወር ውኃውን አንተ ትይዝልናለህ?" ማለት ይበቃል። ብዙ ሰው የማያመጣው ስስት ይዞት ሳይሆን ምን እንደሚያመጣ ግራ ገብቶት ነው። በተለይ ማብሰል የማይችል ላጤ። ቁርጥ ያለ ነገር ሲነገረው ደስ ብሎት ይዞ ይመጣል። ተነግሮትም ካላመጣ ይብላ። በአንድ ሳህን ማዕድ አይፈርስም።

የሁለተኛው ዙር ጉዳይ ግን ሥርዓት ይፈልጋል። ሁሉም አንዴ ሳያነሣ ማንም ሁለተኛ አያነሣም። ይህ ለአገልጋዩም፣ ለአስተባባሪውም፣ ብዙ ላመጣውም ይሠራል።

ከሱቅ ተገዝቶ የመጣ ነገር ያሳፍራል?

በፍጹም። ሌሊት ሥራ አድራ የመጣች እህት ዳቦ ገዝታ ብትመጣ ከማንም ያላነሰ አምጥታለች። ውኃ፣ ፍራፍሬ፣ ናፕኪን፣ የሚጣል ሳህን ሁልጊዜ ያጥራሉ። እነዚህን ገዝቶ የሚያመጣ ሰው አስተባባሪውን ከብዙ ሩጫ ያድነዋል።

አንዳንዶች ድግስ የሚያህል ነገር ይዘው ይመጣሉ። ሌላው አንሶ እንዳይታይ ምን ይደረግ?

ልግስናቸውን ማመስገን ያስፈልጋል፤ ከልብ ነው የሚያደርጉት። ግን በጎን አንድ ሐሳብ ማቅረብ ይቻላል። ትርፉን ዓይን በማይስብ ነገር ላይ ያውሉት። አራት ዓይነት ምግብ ከሚያመጡ ሁለት አምጥተው በቀረው ዳቦውን ወይም ውኃውን ይሸፍኑ። ወይም ለማምጣት የተቸገረ ቤተሰብ ካለ ግብዓቱን ቀደም ብለው በስውር ያቀብሉ፤ ያ ቤተሰብ በራሱ እጅ አብስሎ ይዞ ይመጣል። እኔ ካየኋቸው መንገዶች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ሰጪው ሰጥቷል፣ ተቀባዩም ድስት ይዞ በኩራት ገብቷል።

"የእገሌ ቤት ምግብ" እያሉ በሰው ፊት ማወዳደርም ቢቀር ይሻላል። ማሞገስ የሚፈልግ ወደ ሠራው ሰው ሄዶ ይንገረው።

ሁሉም ሩዝ ይዞ ቢመጣስ?

ያጋጥማል። ዝርዝር ማውጣት ይረዳል፣ አወጣጡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቡድን መልእክት ላይ የሁሉም ስም ተደርድሮ ከጎኑ "ምን ያመጣል" የሚል ባዶ ቦታ ሲኖር፣ ባዶ የቀረው ስም ለሁሉም ይታያል። ያ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ስልኩን በከፈተ ቁጥር ያየዋል። ስለዚህ ዝርዝሩን በሰው ስም ሳይሆን በሚያስፈልገው ነገር አውጡት። ዋና ምግብ ይህን ያህል፣ ሰላጣ ይህን ያህል፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ መጠጥ፣ ማንኪያ፣ ጨው። የወደደ ከዚያ ውስጥ መርጦ ለአስተባባሪው ይንገር። በዝርዝሩ ውስጥ ርካሽ ነገሮች የግድ ይኑሩ። ኪሱ የሳሳ ሰው ጨውና ናፕኪን መርጦ ድርሻውን መወጣት መቻል አለበት።

ዝርዝር የማይወድ ጉባኤ በስም መጀመሪያ ፊደል ሊከፋፈል ይችላል። ከሀ እስከ ተ ዋና ምግብ፣ የቀሩት ሰላጣና ዳቦ። በየወሩ መቀያየር ነው።

ገንዘብ አዋጥተን ብናስበስልስ?

ትልቅ በዓል ሲሆን ያቀላል። በየወሩ ሲሆን ግን አልወደውም። ገንዘብ ላይ የሰው አቅም ወዲያው ይታያል፤ ምግብ ላይ ግን ተራ ነገር በጥሩ እጅ ተሠርቶ ከውዱ ይልቅ ይወደዳል። የግድ ከሆነ መዋጮው መጠን ሳይወሰንለት በተዘጋ ሣጥን ይግባ። የከፋዮች ስም አይለጠፍ። ገንዘቡን ሁለት ሰዎች ሆነው ይቁጠሩት፣ ምን እንደተገዛበትም ለሁሉም ይነገር።

ማን ቀድሞ ያንሣ?

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የሰጠው መመሪያ አጭር ነው፦ ተጠባበቁ። ሰልፉ ላይ እንዴት እንደሚተገበር ግን ማሰብ ያስፈልጋል።

አዛውንቶች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃን የያዙና እንግዶች ይቅደሙ። ቆመው መጠበቅ ለሚከብዳቸው በተቀመጡበት ይቅረብላቸው። አገልጋዮችና አስተባባሪዎች መጨረሻ ላይ ይሁኑ። ይህን የምለው ለትሕትና ብቻ ብዬ አይደለም። መጨረሻ ላይ የቆመ መሪ ምን እንዳለቀ በዓይኑ ያያል።

የሰልፉ ጭራ ላይ እነማን እንዳሉ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ልጆችን ሲያስተምሩ የቆዩት አሉ። የድምፅ መሣሪያ ሲጠቀልሉ የነበሩት አሉ። ወጥ ቤት ውስጥ ሲያሞቁ የነበሩት አሉ። እነሱ ሲደርሱ ሥጋው አልቋል፣ ትሪው ላይ የቀረው የሰላጣው ቅጠልና ከድስቱ ግርጌ የተጣበቀ ሩዝ ነው። ለዚህ ሁለት መላ አለ። አንደኛው፣ ተፈላጊ በሆነው ምግብ ላይ የሚያቀርብ ሰው ማቆም ነው። ሰው በራሱ እጅ ሲያነሣ መጠኑን አያውቀውም፤ አንድ ሰው በማንኪያ ሲያቀርብ ግን ለሁሉም ይዳረሳል። ሁለተኛው፣ በሥራ ላይ ላሉት ገና ሰልፉ ሳይጀመር ሳህን ሞልቶ ሸፍኖ ማስቀመጥ ነው። ጠረጴዛውን ከግድግዳ አርቆ ሰው በሁለት ወገን እንዲያነሣ ማድረግም ሰልፉን በግማሽ ያሳጥረዋል።

ልጆች ከወላጅ ጋር ያንሡ። ትንሽ ይነሣላቸው፣ ከጨረሱ ይደገምላቸው። ኬኩ ከምግቡ በኋላ ቢወጣ ይሻላል።

ሴቶቹ አብስለው፣ አቅርበው፣ አጥበው ይሄዳሉ። ወንዶቹ ተቀምጠው ያወራሉ። ይሄስ መዋጮ ነው?

አይደለም። ስለ ፍትሐዊነት ሲነሣ ከድስቱ በፊት መነሣት ያለበት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሐዋርያት ሥራ 6ን እናንብብ። በኢየሩሳሌም የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩ አማኞች መበለቶቻቸው በዕለታዊው የምግብ አገልግሎት ችላ ተባሉ ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያቱ ነገሩን እንደ ተራ የወጥ ቤት ጉዳይ አላለፉትም። መንፈስና ጥበብ የሞላባቸው 7 ወንዶች እንዲመረጡ አደረጉ፤ እስጢፋኖስና ፊልጶስ ከእነሱ መካከል ናቸው። እነዚያ ሰዎች የተሾሙት ማዕድ በትክክል እንዲዳረስ ነው። እንግዲህ ሳህን መያዝ ከወንድ ክብር ጋር እንደማይሄድ የሚያስብ ካለ ይህን ምዕራፍ ደግሞ ያንብበው።

ሥራ ላይ የሚውለው ነገር ተራ ማውጣት ነው። "የቻለ ያግዝ" ከተባለ ሁልጊዜ የሚያግዙት እነዚያው ናቸው። ዕቃ ማጠብ፣ ወለል መጥረግ፣ ቆሻሻ ማውጣት ለየወሩ በስም ይመደብ። ያበሰለ ቤተሰብ በዚያው ቀን አያጥብ። ወጣቶቹ ሙዚቃ ከፍተው ሲያጥቡ ሥራው ጨዋታ ይሆናል፤ ብዙ ጓደኝነት እዚያው ሲንኩ ላይ ተጀምሯል።

ምግቡ ጠረጴዛ ላይ ስንት ሰዓት መቆየት ይችላል?

ከ2 ሰዓት አይበልጥ። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ቀን ደግሞ ከ1 ሰዓት አይበልጥ። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ባክቴሪያ በፍጥነት ይራባል። ስብከቱ ረዘመ፣ መዝሙር ተጨመረ፣ ማስታወቂያ ቀጠለ ሲባል ማለዳ የመጣ ድስት ሳይታሰብ ሦስትና አራት ሰዓት ይቀመጣል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከሰው መብላት መጀመሪያ ሳይሆን ምግቡ ከምድጃው ወይም ከፍሪጁ ከወጣበት ነው።

ስለዚህ ትኩሱ ትኩስ ሆኖ፣ ቀዝቃዛው ቀዝቅዞ ይቆይ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት ነክና ማዮኔዝ ያለበት ሰላጣ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ይገባቸዋል። ማሞቅ ሲያስፈልግ ለብ ማድረግ አይበቃም፤ መሃሉ 74 ዲግሪ እስኪደርስ ይሙቅ። ቴርሞሜትር ከሌለ እያማሰሉ ዳር እስከ ዳር እንፋሎቱ እስኪወጣ ማሞቅ ነው።

ሩዝን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ጥሬ ሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፤ የባክቴሪያው ዘር (ስፖር) ሩዙ ቢበስልም አይሞትም። የበሰለው ሩዝ ለረጅም ሰዓት ውጭ ከቆየ ባክቴሪያው መርዝ ያመነጫል፣ መርዙ ደግሞ ድጋሚ በማሞቅ አይጠፋም። ማታ የተሠራ ሩዝ በድስቱ እንዳለ አድሮ አይምጣ። ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ተበትኖ ቶሎ ይቀዝቅዝና ፍሪጅ ይግባ።

ያስመለሰው ወይም ያስቀመጠው ሰው ሕመሙ ካቆመ በኋላ 48 ሰዓት እስኪያልፍ ለሌላ ሰው አያብስል። ቃል ገብቼ ነበር ብሎ የሚጨነቅ ካለ፣ እንዲህ ያለ ሰው ቢቀር ነው ደግ የሠራው።

አለርጂ ያለባቸውና የሚጾሙ ሰዎች እንዴት ይስተናገዱ?

በትንሽ ወረቀት። በየድስቱ ፊት ምን እንዳለበት ይጻፍ። ኦቾሎኒና ሌሎች የለውዝ ዓይነቶች፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ዓሣ፣ ሰሊጥ ካለበት በግልጽ ይታይ። የሠሪው ስም ግን የግድ አይደለም። ማንኪያ ከአንዱ ድስት ወደ ሌላው እንዳይዛወር ለየምግቡ የራሱ ይኑረው፤ ከባድ አለርጂ ያለበትን ሰው ጥቂት ፍርፋሪም ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰው ከሁሉም ቀድሞ ቢያነሣ ጥሩ ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥ፤ ለትንንሽ ልጆች ደግሞ ወይን በቁመቱ ለአራት ተሰንጥቆ ይቅረብ፣ ሙሉው ሊያንቃቸው ይችላል።

የሚጾም ካለ ከእንስሳት ተዋጽኦ የጸዳ ምግብ ለብቻው ጠረጴዛ ይዘጋጅለት። "ዛሬ እንኳ ብላ" እያሉ ማስጨነቅ አይገባም። ሮሜ 14 የሚበላው የማይበላውን አይናቅ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ አይፍረድ ይላል።

እኔ የሠራሁት ሳይነካ ቀረ። ከፍቶኛል።

ይከፋል፣ አውቃለሁ። ሌሊት ተነሥቶ ሠርቶ ሙሉ ድስት ተሸክሞ መመለስ ቀላል አይደለም። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ጣዕሙ አይደለም። ክዳኑ አልተከፈተም፣ ማንኪያ አልተቀመጠለትም፣ ወይም ሰው ምን እንደሆነ አላወቀም። በሚቀጥለው ጊዜ ከላይ ትንሽ ቆርሳችሁ ወይም ጨልፋችሁ አስቀምጡ፤ ያልተነካ ትሪ ቀድሞ መንካት ሁሉም ይፈራል። አስተባባሪዎችም ያልተነካውን እያዩ ሰው እንዲቀምሰው ይጋብዙ።

የተረፈውን ማን ይውሰድ?

ሁሉም በልቶ ሳይጨርስ ማንም አይቋጥር። ይሄ ቁርጥ ያለ ሥርዓት ይሁን።

ከዚያ በኋላ ቅድሚያው ታመው ቤት ለቀሩት፣ ወላድ ላለችበት ቤት፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ ነው። ሁለት ሦስት ሰዎች ቋጥረው ያድርሱላቸው። ቀጥሎ ለፈለገ ሁሉ። ያመጣው ሰው የራሱን ልመልስ ካለ መብቱ ነው፤ ሰው ድስቱን ይዞ ከመሄዱ በፊት ባለቤቱን ይጠይቅ። ዮሐንስ 6 ላይ 5 እንጀራና 2 ዓሣ ለ5000 ወንዶች ከበቃ በኋላ ጌታ ምንም እንዳይጠፋ ትርፉን ሰብስቡ ብሎ ነበር፤ 12 መሶብ ሞላ። እኛም መድፋትን የመጨረሻ እናድርገው። ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ የቆየ ሥጋና ወተት ነክ ግን ይደፋ፤ ለታመመ ሰው የተጠራጠርነውን ምግብ አንልክም።

ሲሰጥም አሰጣጥ አለ። "ቤት ውስጥ ምግብ የለሽም፣ ውሰጂ" አይባልም። ባዶ ዕቃዎች በረድፍ ተደርድረው "ሁሉም ለማታው ይያዝ" ቢባል ያለውም የሌለውም እኩል ይቋጥራል።

ዕቃዬ በየወሩ ይጠፋብኛል። መፍትሔ አለው?

ከድስቱም ከክዳኑም ሥር በፕላስተር ስማችሁን ለጥፉ፤ ክዳኑ ነው ብዙ ጊዜ የሚጠፋው። ውድ ዕቃ አታምጡ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ባለቤቱ ላልታወቀ ዕቃ አንድ መደርደሪያ ይለይ፣ ፎቶው በቡድኑ ይላክ። ሳይታጠብ ግን አይቀመጥ።